ጋሻን የሚያልፍ ጉብጠት

ሾተል ጋሻን አስቦ የተሠራ መሣሪያ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጥቂት ቀጥ ብሎ ይወጣና ግማሽ ክብ ሊሆን እስኪቃረብ ይጎብጣል። ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ በሁለቱም ወገን የተሳለ ነው። የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ጋሻ የያዘን ሰው ፊት ለፊት መደብደብ ጉልበት መጨረስ ነው። ሾተል የያዘ ግን ጋሻውን አይመታም፤ ጫፉን በጋሻው ጠርዝ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይሰደዋል፤ ክንድን፣ ትከሻን፣ ጎንን ያገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ አንዳንድ አውሮፓውያን ይህን ሰይፍ ለአያያዝ የማይመች ብለው ጽፈውበታል። ቀጥ ያለ ሰይፍ ለለመደ እጅ እውነትም አይመችም፤ የጉብጠቱ ምክንያት የሚገባው ከፊቱ ጋሻ ሲቆም ብቻ ነው።

ይህንን ምክንያት በሚገባ ከተረዱት መካከል የጌም ሠሪዎች ይገኙበታል። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዳርክ ሶልስ ውስጥ ሾተል አለ፤ ስሙም ያው ሾተል ነው። ጌሙ የራሱ ምናባዊ ዓለም ስላለው መሣሪያውን የሠራው ካሪም የሚባል አገር መስፍን እንደሆነ ይተረካል፤ ኢትዮጵያ በስም አትነሳም። እኔን ይህ ብዙም አያሳዝነኝም። ስሙን ወስደው ባሕርዩን ቢጥሉት ኖሮ ነበር የማዝነው። እነሱ ግን ባሕርዩን ጠብቀውታል፦ የሾተል ምት ከጋሻ የማለፍ አቅም ተሰጥቶታል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ብዙ ቅልጥፍና ላላዳበረ ተጫዋች አይታዘዝም። ጉልበት ብቻውን አያነሳውም። አንድ የጎበጠ ብረት ምን እንደሚያደርግና ከያዘው ሰው ምን እንደሚጠይቅ በሁለት ሕግ ጨረሱት።

ልዩነቱ የሚታየው ከሌላ ጥሩ ጌም ጋር ሲተያይ ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ መንግሥታት ላይ ባወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያንን አስገብቷል፤ የዮዲት ታሪክም እንደ ዘመቻ ይጫወቱበታል። የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር ደግሞ ሾተለኛው ነው። ቶሎ ይሠለጥናል፣ አጥብቆ ይመታል፣ ቶሎም ይሞታል። ሲወጣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ነገር ግን እዚያ ሾተሉ መልክ ነው። ቀጥ ያለ ሰይፍ ቢያስይዙት አንድም ቁጥር አይለወጥም። በዳርክ ሶልስ ግን ስለቱ ቢቃና ሕጉም አብሮ ይፈርሳል። የእጅ ሥራ ጥራት ብዬ የማደንቀው ይህንን ነው፦ ቅርጹ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም፤ ምክንያቱም ከተጫዋቹ ጣት ድረስ ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ከደብረ ዘይት ነው። ቢሾፍቱን ማለቴ አይደለም፤ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ያለችውን የወምበራዋን ደብረ ዘይት ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ጌም ሲባል በብዙው ወጣት አእምሮ የሚመጣው ኳስ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ የቆመ ተረኛ። ዳርክ ሶልስ ለተረኛ አይሆንም። ረጅም ነው፣ የብቻ ነው፣ ሽንፈቱም ብዙ ነው። የሚጫወተው ማታ ቤት ውስጥ፣ በግል ላፕቶፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኮምፒውተር የወጣው ቅጂ ዛሬ አሮጌ በምንለው ማሽን ላይም ስለሚሠራ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሄዳል።

እዚህ ሆኖ የተጫወተው ሰው ቶሎ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ጌሙ ሰይቭ አድርግ እስኪባል አይጠብቅም፤ ያደረግነውን በየጊዜው በራሱ ይመዘግባል። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ተጫዋቹ የወሰነውን ተመልሶ እንዳይሽር ነው፤ ነጋዴውን በስህተት ከመታኸው መታኸው፣ ጠላት ይሆንብሃል። ነገር ግን ያው አሠራር መብራት ድንገት ድርግም ሲል ሌላ ዋጋ ያወጣል። መብራቱ ተመልሶ ላፕቶፑ ሲነሳ ገጸ ባሕርዩ ከነበረበት እምብዛም ሳይርቅ ቆሞ ይገኛል። ለአንድ ዓላማ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ሠሪው ላላሰበው ሰውም ሲያገለግል ሳይ የሥራውን ጥልቀት አምናለሁ።

ስለ አስቸጋሪነቱ ብዙ ይወራል፤ አብዛኛው ወሬ ግን ከጉዳዩ ጎን ያልፋል። አስቸጋሪ ጌም መሥራት ቀላል ነው፦ የጠላቱን ጉልበት አሥር እጥፍ አድርገህ ትለቀዋለህ። የዳርክ ሶልስ ችግር እንደዚያ አልተሠራም። መነሻውን እንመልከት። ተጫዋቹ ከእስር ቤት ይወጣል፤ በእጁ ያለው የተሰበረ ሰይፍ እጀታ ነው። ወደ ሰፊ አዳራሽ ሲገባ ከላይ ግዙፍ ጋኔን ይወርድበታል። በዚያ ስባሪ የሚታገል ሰው ይደቆሳል። በአዳራሹ ጎን ግን ክፍት በር አለ፤ ዓይኑን ከጋኔኑ ላይ አንሥቶ ግድግዳውን ላየ ሰው ይታየዋል። በዚያ ያመለጠ ሰው በመንገዱ እውነተኛ መሣሪያና ጋሻ ያገኛል፤ ከዚያም ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ወደዚያው ጋኔን ራስ ዘሎ መሣሪያውን ይተክልበታል፤ ከጋኔኑ ዕድሜ ትልቅ ክፍል በአንድ ምት ይሄዳል። ማንም ቆሞ ትምህርት አልሰጠም። በትንሽ ሕንጻ ውስጥ ሦስት ነገር ተነገረን፦ መሸሽ ነውር አይደለም፣ ዙሪያህን እይ፣ ከፍታ ኃይል ነው። የቀረው ረጅም ጌም እነዚህን ሦስቱን እየደጋገመ ይፈትናል።

ከዚያ አረንጓዴዋ መስመር አለች፤ ስታሚና የምንላት። መምታት ከእሷ ይቀንሳል፣ መንከባለል ከእሷ ይቀንሳል፣ ጋሻ ላይ ያረፈ ምትም ከእሷ ይቀንሳል። ጋሻ እንደተነሳ ከቆየ መስመሯ የምትሞላው ቀስ ብላ ነው። ስለዚህ ፈሪ ሆኖ ከጋሻ ጀርባ የተደበቀ ሰው ራሱን እያደከመ ነው፤ ጋሻውን አውርዶ መተንፈስ አለበት፤ የሚያወርድበትን ቅጽበት ደግሞ ጠላት ይጠብቃል። የልብስ ክብደትም ተቆጥሯል፦ ከሚችለው ሸክም ከ25 በመቶ በታች የያዘ ሰው እንደ ልቡ ይንከባለላል፣ ከ50 በመቶ ያለፈ ግን ሲንከባለል መሬት ላይ ዝርግት ብሎ ይወድቃል። ብረት ለብሶ መቀጥቀጥን መቻል ወይስ ቀልሎ ማምለጥ? ምርጫው የተጫዋቹ ነው፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። ሲሞት ምክንያቱን ያውቀዋል። ይህ ፍትሕ ባይኖር ኖሮ ሰው ደጋግሞ እየሞተ አይቀመጥም ነበር።

የሥነ ሕንጻው ሥራ ደግሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። መነሻው ከሆነው ፋየርሊንክ መቅደስ ተነስቶ ወደ ላይ፣ በቤቶችና በጠባብ ደረጃዎች፣ ድራጎን በሚጠብቀው ድልድይ በኩል ሲወጣ ተጫዋቹ ከቤቱ እጅግ እንደራቀ ይሰማዋል። መድኃኒቱ አልቋል፣ እንደ ገንዘብ የሰበሰባቸው ነፍሶች ቢሞት መሬት ላይ ሊቀሩ ነው። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አሳንሰር ያገኛል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ በሩ ሲከፈት ፋየርሊንክ ነው። እንደዚያ ቅጽበት ያለ እፎይታ በሌላ ጌም አላገኘሁም። የራቀ የመሰለው ሁሉ ከመነሻው በላይ በቀጥታ ተደራርቦ ኖሯል። ይህ እንዲሆን የእያንዳንዱ ደረጃና ማማ ቦታ አስቀድሞ መለካት ነበረበት፤ አንድ ግድግዳ ቢገፋ ያ መውረድ አይኖርም።

አብዛኛው ቦታ ሙዚቃም የለውም። ሙዚቃው የሚመጣው በአብዛኛው ከትልቅ ጠላት ጋር ስንጋፈጥ ነው። በቀረው ጊዜ የሚሰማው የራስ እርምጃ፣ የብረት ልብስ መንኳኳትና በማዕዘኑ በኩል የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ ነው። ዝምታው ጆሮን መሣሪያ ያደርገዋል።

ሥራውን የመሩት ሂዴታካ ሚያዛኪ ናቸው። ወደ ጌም ሥራ የገቡት 29 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ ከዚያ በፊት በሶፍትዌር ኩባንያ ይሠሩ ነበር። ልጅ ሳሉ በደንብ የማይገቧቸውን የምዕራብ ምናባዊ መጻሕፍት ያነቡ እንደነበር፣ ያልገባቸውን ክፍል በራሳቸው ምናብ ይሞሉት እንደነበር ተናግረዋል። ጌማቸውም እንደዚያው ነው። ታሪኩ ተዘርግቶ አይነገርም፤ በአንድ ቀለበት፣ በአንድ ዝገት የበላው ሰይፍ መግለጫ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይሰጣል፤ የቀረውን አንባቢው ያገናኛል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መግለጫ እየታገለ የሚያነብ የወምበራ ልጅ ከሠሪው ልጅነት እምብዛም አይርቅም። ለዚህ ይመስለኛል ቋንቋው ሙሉ በሙሉ ባይገባንም ጌሙ የማይዘጋብን፤ ክፍተቱ ቀድሞውኑ ለእኛ ተትቷል።

ሌላም የታወቀ ታሪካቸው አለ። በረዶ በጣለበት ዳገት ላይ መኪናዎች ሲንሸራተቱ፣ ከኋላ ያለው የፊተኛውን እየገፋ ሲያሻግር አይተዋል፤ ተሻጋሪው ቆሞ ማመስገን አይችልም፣ ከቆመ ይንሸራተታል። በጌሙ ውስጥ ከማናውቀው ተጫዋች የሚመጣው እርዳታ ከዚያ የተወለደ ነው። በኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው ስሙን የማያውቀው እንግዳ መጥቶ ይዋጋለታል፣ ድሉ ሲገኝ ይጠፋል። እዚህ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አናገኘውም፤ ስለ እሱ ማንበብ ብቻ ያስቀናኛል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። የመጨረሻው ሩብ ጊዜ ያነሰው ሥራ ይመስላል፤ በተለይ የጠፋችው ኢዛሊዝ የምትባለው ስፍራ ባዶና የተደጋገመች ናት፤ ቤድ ኦፍ ኬኦስ የሚባለው ፍልሚያም ከላይ ያወደስኩትን ፍትሕ ይክዳል። ወለሉ ይደረመሳል፣ ሰው ይወድቃል፣ የሚማረው ነገር የለም። ጥሩ ሥራን የሚወድ ሰው ይህን ዘልሎ ማለፍ የለበትም።

ፍሮምሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤልደን ሪንግ እጅግ ሰፍቷል፤ ዓለሙ ክፍት ነው፣ ፈረስ አለው፣ የአፈ ታሪኩን መሠረት የጻፉት ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ናቸው። ጠላቶቹም ብልሃት ጨምረዋል። ማርጊት የሚባለው ጠላት በትሩን አንስቶ ይዞ ይቆያል፤ የቀድሞውን ጌም የለመደ ሰው ቸኩሎ ይንከባለላል፣ በትሩ የሚወርደው እሱ ሲነሳ ነው። የድሮ ተጫዋቾችን ልማድ አጥንተው በዚያው ልማድ ላይ የተሠራ ምት ነው። አንዳንዶች ይህን ተንኮል ይሉታል። እኔ ግን በትሩን ትቼ ትከሻውን ማየት የተማርኩት ከእሱ ነው።

ሾተልም በኤልደን ሪንግ ተመልሷል፣ ያውም በሁለት መልክ። አንዱ ተራው ነው። ሁለተኛው የግርዶሹ ሾተል ሲሆን በጌሙ ውስጥ እንደ ባለ ታሪክ ከሚቆጠሩት ዘጠኝ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ በበረዶ በተሸፈነው ካስል ሶል ውስጥ ይገኛል፣ ብርሃኗ የጠፋ ፀሐይ ነበልባል ይለብሳል። ከአሥር ዓመት በላይ አንዱን የጎበጠ ስለት ሳይተዉ ይዘውት መዝለቃቸው፣ ከዚያም ከፍ አድርገው ማክበራቸው ያኮራኛል።

አፍሪካዊ እጅም በዚህ ዓይነቱ ጌም ላይ አርፏል። በካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሪዮን የተባለ የፍልሚያና የጀብዱ ጌም አውጥቷል፤ ከአፍሪካ ተረትና ልማድ የተቀዳ ነው። በአገራችን ደግሞ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበጣን ለሞባይል ሠርቷል። በሾተል የሚዋጉበት የእኛ የራሳችን ከባድ ጌም በሚሠራበት ቀን ኤልደን ሪንግ ክፍት የተወው አንድ ቦታ ይጠብቀዋል። በዚያ ጌም ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው መምታት እንጂ በጋሻ መከላከል አይችልም። የመተከል ጎረቤት በሆነው በአዊ ግን የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 በሚያከብሩት በዓል ጉግስ ይታያል። በጉግስ ተባራሪው ፈረሱን በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል፣ አሳዳጁ የሚሰነዝረውን ዘንግ ሳያይ ይመክታል። ይህን በጆይስቲክ ማሠራት ይቻላል፦ ጋሻው ወደ ኋላ ሲዞር ፈረሱን መምራት ይከብዳል፣ አረንጓዴዋ መስመር ትወርዳለች፣ ካሜራው ወደ ፊት እንዳየ ይቀራል፤ የአሳዳጁ ርቀት የሚታወቀው በኮቴው ድምፅ ብቻ ነው።