ቀይ ባሕር ላይ ማንን አምኖ መጥለቅ ይቻላል?

ግብፅ ውስጥ ሁርጋዳ ወይም ሻርም ኤል ሼክ በደረሱ ማግስት፣ ገና ቁርስዎን ሳይጨርሱ፣ ባሕር ውስጥ ይዞዎት ሊወርድ የሚፈልግ ሰው ያገኝዎታል። ሆቴሉ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የዓሣና የኮራል ፎቶግራፍ ደርድሮ፣ ዋጋውን ከጎረቤቱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። የሁሉም ፈገግታ አንድ ዓይነት ነው፤ ቃላቸውም አንድ ዓይነት ነው፦ «ምንም ችግር የለም»። ሲሊንደር አዝሎ ለሚጠልቅ ሰው ግን ይህ ምርጫ «እራት የት እንብላ?» እንደሚለው አይደለም፤ አደራ የሚሰጠው እስትንፋሱን ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ የመረጥኩት በዋጋ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጠዋት የጤና መጠይቅ ሰጡኝ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ብዕሩን ጨብጬ ሳመነታ፣ ሠራተኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ሁሉንም ‹የለብኝም› በልና ፈርም፤ ጀልባው ሊሄድ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። ገና 4 ሜትር ሳንወርድ ግራ ጆሮዬን በወስፌ የተወጋሁ ያህል አመመኝ። እጄን እያወዛወዝኩ ችግር መኖሩን ባሳየውም፣ መሪያችን ክንዴን ይዞ ወደ ታች ሳበኝ። ማታ ከጆሮዬ ደም ወጣ፤ ለሦስት ሳምንት በዚያ ጆሮ በደንብ አልሰማሁም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት የምፈልገው ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት የሚጠይቀኝን፣ ሲያስፈልግም የሚከለክለኝን ድርጅት ነው።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ የከባቢ አየርን ያህል ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ፊት እጥፍ ነው፤ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ሰው የጆሮውን ግፊት ማመጣጠን ያቅተዋል፤ የእኔም ጣጣ ይኸው ነበር። አስም ያለበት ሰው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል፤ ጥልቅ ውስጥ የተሳበ አየር ወደ ላይ ሲወጡ ስለሚሰፋ፣ መውጫ ያጣ እንደሆነ ሳንባን ይቀድዳል። ስለዚህ የጤና መጠይቁን በጥንቃቄ አንብቦ «ይህን ምልክት ስላደረጉ ሐኪም ሳያይዎት አላወርድዎትም» የሚል ሰው ካገኙ አይቀየሙት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አግኝተዋል።

ጥያቄው በጤና አያበቃም። ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቁት መቼ ነው? ስንት ጊዜ ጠልቀዋል? ካርድዎንና የጠለቁባቸውን ቀናት የመዘገቡበትን ደብተር ያሳዩኝ ሊሉዎት ይገባል። ካርዱ የሚመሰክረው በአንድ ወቅት መማርዎን ነው፤ ዛሬ ማስታወስዎን አይመሰክርም። ሁለት ዓመት ውሃ ያልነካ ጠላቂ ሲመጣባቸው መጀመሪያ ዳርቻው ላይ አውርደው፣ መነጽሩን ከውሃ ሲያጸዳና ከአፉ የወጣውን መተንፈሻ ሲመልስ አይተው ነው ጥሩዎቹ ወደ ጀልባ የሚያሳፍሩት። ግማሽ ቀን ያስወጣል፤ ይክፈሉት።

መከልከል ደግሞ ከመጠየቅ ይከብዳል፤ ገንዘብ ያሳጣልና። ከሻርም ኤል ሼክ የሚነሡ ጀልባዎች ከሚያዘወትሯቸው ቦታዎች አንዷ ቲስልጎርም የምትባል የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ናት። ኦክቶበር 6 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ ሰጠመች፤ እስከ ዛሬ ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪኖች እንደያዘች 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተቀምጣለች። ማየት የማይመኝ ጠላቂ የለም። ይሁን እንጂ ኦፕን ዋተር የሚባለው የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ብቻ ነው፤ 30 ሜትር ለመውረድ ቀጣዩን ደረጃ መማር ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ቦታው ብርቱ የውሃ ፍሰት ያለበት ነው። አራት ጊዜ ብቻ የጠለቀ እንግዳ ዶላሩን ቆጥሮ «ቲስልጎርምን አሳዩኝ» ሲል፣ «በዚህ ጉዞዎ አይሆንም፤ ነገ ፍሰት የሌለበት 12 ሜትር የሆነ ቦታ እንውረድ» የሚል ድርጅት ክብር ይገባዋል።

ዳሃብ አጠገብ ያለው፣ ብሉ ሆል የሚባለው ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ይህን ከማንም አስተማሪ በላይ ያስተምራል። ዳርቻውን ተከትሎ ላይ ላዩን ለሚዋኝ ሰው እጅግ ውብ ቦታ ነው። ገዳዩ ከ50 ሜትር በታች ያለው፣ ወደ ውጭው ባሕር የሚያሻግረው ቅስት ነው፤ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ወሰን ደግሞ 40 ሜትር ነው። እዚያ ለቀሩት ጠላቂዎች የተተከሉ የመታሰቢያ ጽላቶች ዳርቻው ገደል ላይ ተደርድረዋል። ቅስቱን በአንድ ሲሊንደር አሳልፍሃለሁ የሚል መሪ ካጋጠመዎት ሌላ ምንም ነገር መመርመር አያስፈልግዎትም፤ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

አሁን ወደ አየሩ። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ይህንን ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምሄደው ወደ ኮምፕሬሰሩ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ስለ አየሩ ንጽሕና አያሳስበውም፤ ጎማ አይተነፍስም። የጠላቂ ሲሊንደር እስከ 200 ባር ድረስ ይሞላል፤ የመኪና ጎማ የሚይዘው ሁለት ባር ተኩል ገደማ መሆኑን ያስቡ። አየሩ እዚያ ውስጥ የሚገባው በማጣሪያ አልፎ ነው፤ ማጣሪያውም በሠራበት ሰዓት ልክ መቀየር አለበት። ስለዚህ የተቀየረበትን ቀን የሚጽፉበት መዝገብ እንዳለ ይጠይቁ። ከዚያ አየር የሚስበውን ቱቦ አፍ በዓይንዎ ይከተሉ። ጄኔሬተር አጠገብ ወይም መኪና ሞተር ሳያጠፋ የሚቆምበት ቦታ ከሆነ፣ ጭሱ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ነው። ዝግ ቤት ውስጥ የነደደ ከሰል ሰው የሚገድልበት ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሞተር ጭስም የሚመጣው እሱው ነው። ላይ ሆኖ ራስ ምታት ብቻ የሚያስከትለው መጠን፣ ጥልቅ ውስጥ ግፊቱ ሲበዛ ራስን ሊያስት ይችላል።

ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም። ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ዘይትና ጭስ ይሸታል። ስለዚህ መተንፈሻውን ከመግጠምዎ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ ጥቂት ከፍተው አየሩን ያሽትቱ። ንጹሕ አየር ምንም ምንም አይልም። የዘይት፣ የላስቲክ ወይም የጭስ ሽታ ካለው ያንን ሲሊንደር ይመልሱ፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው ከሆነ ቀኑን ይሰርዙ። የሲሊንደሩን አንገትም ይመልከቱ፤ የግፊት ፍተሻ የተደረገበት ወርና ዓመት ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። አምስት ዓመት ያለፈው ከሆነ አልቀበልም።

መተንፈሻውን ከገጠሙ በኋላ የግፊት መለኪያውን እያዩ ሦስት አራት ጊዜ በኃይል ይተንፍሱ። ቀስቱ ባለበት መርጋት አለበት። በተነፈሱ ቁጥር ወደ ታች ወርዶ የሚመለስ ከሆነ ቫልቩ በሙሉ አልተከፈተም፣ ወይም መሣሪያው ጥገና ይፈልጋል። ይህን ሲያደርጉ የሠራተኞቹን ፊት ልብ ይበሉ። መጥፎዎቹ «እኛ አይተነዋል፣ አታምኑንም?» ብለው ይቆጣሉ። ጥሩዎቹ አብረውዎት ያያሉ።

ለጀማሪ አጭር ምክር አለኝ። ያለ ምስክር ወረቀት የሚደረገው የሙከራ ጠለቃ ፓዲ በሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ደንብ ከ12 ሜትር አያልፍም፤ ዕድሜውም ከ10 ዓመት ይጀምራል። አንድ አሠልጣኝ ከሁለት በላይ ጀማሪ ይዞ ሲወርድ ካየሁ እኔ ልጄን አልሰጠውም፤ እጁ ሁለት ነውና። ግብፅ ውስጥ የዳይቪንግ ድርጅቶችንና ባለሙያዎችን የሚመዘግብ የዳይቪንግና የውሃ ስፖርት ምክር ቤት አለ፤ ፈቃዱን እንዲያሳዩዎት መጠየቅ ነውር አይደለም። ኮራል የሚረግጥ፣ ለፎቶግራፍ ብሎ ኦክቶፐስ ከጉድጓዱ የሚያወጣ መሪ ደግሞ ለእንግዳውም አይጠነቀቅም፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ጀልባው ላይ ስም ጥሪ ይደረግ እንደሆነ ይመልከቱ። ጃንዩዋሪ 25 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ አንድ ጀልባ ጠላቂዎቹን ቆጥሮ ተመለሰ፤ ቆጠራው ተሳስቶ ስለነበር ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ባሕር ላይ ቀሩ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ሲሆን፣ እነሱም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ቁጥር ይሳሳታል፤ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሰው ያልተመለሰውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ፊቱን አይቶ ምልክት የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ጀልባ ላይ የሚያድሩ ከሆነ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩንም ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንሴፕሽን የምትባለው የጠላቂዎች ጀልባ በሌሊት ተቃጥላ 34 ሰዎች ሲሞቱ ዘብ የቆመ ሰው አልነበረም።

ለአደጋ ጊዜ የሚቀመጠውን ኦክስጅን ደግሞ «አለ» ሲሉዎት ብቻ አይመኑ፤ አስወጥተው ይዩት። ሲሊንደሩ ሙሉ ነው? ጭንብሉ አብሮት አለ? መግጠም የሚያውቀው ማን ነው? ጥልቅ ውስጥ ሳለን ከአየሩ የሚመጣው ናይትሮጅን በግፊቱ ኃይል ደማችን ውስጥ ይሟሟል። በፍጥነት ከወጣን ክዳኑ እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ቀስ ብለን የምንወጣው፣ 5 ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ የምንቆመው ለዚህ ነው። አረፋው ከተፈጠረ የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን፣ ቀጥሎም የግፊት ሕክምና ክፍል ነው። ሻርምም ሁርጋዳም ይህ ክፍል አላቸው። ወደየትኛው እንደሚወስዱዎትና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ወዲያው የማይመልስ ድርጅት ከዚያ በፊት አስቦበት አያውቅም።

አሁን የአዲስ አበባን ሰው ለይቶ የሚመለከተውን ልናገር። ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ እኔ 24 ሰዓት አሳልፋለሁ። ምክንያቱ የአውሮፕላኑ የውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል፣ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅንም ያንኑ አረፋ ሊሠራ ስለሚችል ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ናት። ብዙው የሌላ አገር ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል አቅራቢያ ይመለሳል፤ እኛ ግን ከአውሮፕላኑ ወርደንም እዚያው ከፍታ ላይ እንቀራለን። ጅቡቲ ጠልቆ በባቡር ወይም በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚመለስም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በምድር ነው የመጣሁት ማለት ናይትሮጅኑን አያታልለውም። ከየት እንደመጡ፣ መቼ እንደሚበሩ ሳይጠይቅ የመጨረሻ ቀንዎን በሁለት ጠለቃ የሚሞላልዎት ድርጅት እዚህ ላይ ወድቋል።

ከዚሁ ጋር ሌላም ፈተና አለ። ሻርም ወይም ዳሃብ ድረስ የሄደ ኢትዮጵያዊ ምእመን ብዙውን ጊዜ የቅድስት ካትሪንን ገዳም ሳይሳለም፣ ሲና ተራራንም ሳይወጣ መመለስ አይፈልግም። አስጎብኚዎች ቀን ባሕር ውስጥ ያሳለፈውን እንግዳ በዚያው ሌሊት ወደ ተራራው ይጭኑታል። የሲና ጫፍ 2,285 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ተራራውን የምትወጡ ከሆነ ከመጥለቃችሁ በፊት ውጡ።