ጃኖ፦ ጊታሩ ሲያገሳ

ጃኖ ባንድን የምወደው ከባድ ሮክን ከእኛው ቅኝት ጋር ስላጋባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ኤርታሌ» አልበም፣ በአሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት፣ ሻካራው የኤሌክትሪክ ጊታር ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሳይወጣ ያገሳል። ኪቦርድ ለለመደ ጆሮ ትልቅ ድፍረት ነበር! በአልበሙ ላይ ከባንዱ አራት ድምፃውያን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ የሄዋን ገብረወልድና የሃሌሉያ ተክለጻድቅ ድምፅ ከድራሙ በላይ ሲወጣ ልቤ ይሞቃል።

ስሰማቸው ሐሳቤ የጉራጌ ከተሞች ወልቂጤና ቡታጅራ ይደርሳል። የጉራጌ ጭፈራ፣ በተለይ በመስቀል ሰሞን፣ በጭብጨባውም በእግሩም ፍጥነት ከሜታል ድራም አያንስም። ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ጉራጌኛን በዘመናዊ ባንድ አጅቦ ተጫውቷል። ያንን ምት እንደ ጃኖ ባለ ጊታር የሚያነድ ወጣት ባንድ ከዚያው ከወልቂጤ ቢነሳ፣ ፊት ለፊት ቆሜ አጨበጭባለሁ።