ሳይነገር የቀረ ኀዘን
(የሮበርት ሎዌል «አያቶች» የተባለው ግጥም ሲመረመር)

አሜሪካዊው ባለቅኔ ሮበርት ሎዌል (1917-1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ እናቱ አባት ሞት ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፏል። በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ባለ አራት ክፍል የኀዘን ግጥም ሟቹን በስማቸው ይጠራል፤ የጥንት ግሪኮችን የሙታን ወንዝ ያነሣል፤ በመጨረሻም ለእመቤታችን ጸሎት ያቀርባል። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን የምንሰማው ብዙ ያነበበ ወጣት ነው እንጂ አያቱ የሞቱበትን የልጅ ልጅ አይደለም። እኛን ያሳዘነን በ1959 «የሕይወት ጥናቶች» በተባለው መጽሐፍ የወጣው «አያቶች» የተሰኘው አጭር ግጥም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቶቹ ሞተው የእርሻው ቤት ለእርሱ ደርሶታል፤ እርሱም ከቤት ሳይወጣ ብቻውን ይቀመጣል። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰው የቢልያርድ ጠረጴዛ እንደ ቆመ ነው። አያቱ አንድ ቀን ለሁለቱም ስኳር ሲያጠቅሱ ቡናቸው ፈስሶበት ነበር፤ ይወዷት የነበረችው 3 ቁጥር ኳስም እስከ ዛሬ እድፉን እንደ ሸፈነች አለች። ባለቅኔው ስለ አያቱ ደግነት አንዲት ቃል አይናገርም፤ ኳሷን ግን ከቦታዋ ያነሣት ያለ አይመስልም።

ሙሾ እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ አገር ልቅሶ ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ጀግንነትና ለጋስነት ታነሣለች፤ አንደበቱ የተያዘበት የቅርብ ዘመድ በእርሷ አፍ ይነገርለታል። ስለዚህ አንድ ጓደኛችን ግጥሙን «ቀዝቃዛ ነው» ቢለው አልፈረድንበትም። ዳሩ ግን የሎዌል ሰው አልቃሽ የለውም። ከእኛም መካከል በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የአያታችን መርዶ ከተዝካሩ በኋላ የደረሰን አለን። ከሰው ጋር ያላለቀሱት ልቅሶ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ጋቢ፥ ከበሩ ጀርባ ወደ ቆመው ከዘራ ይሄዳል።

ግጥሙ አንድ ጊዜ ብቻ ገንፍሎ ይወጣል። ሰውየው አያቱን ጠርቶ እንዳይለቁት ይማጠናል፤ ቃሉንም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በጋብቻ ጊዜ ከሚገቡት ቃል ኪዳን ይወስዳል። በእኛ አስተያየት ግጥሙ እዚህ ላይ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጩኸቱ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ወደ 1946ቱ ግጥም በተመለሰ ነበር። ያዳነው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሰውየው በእንባ በቆሸሸ ጣቱ የለንደን መጽሔት ይይዝና በመጨረሻው የሩስያ ንጉሥ ሥዕል ላይ የተጠቀለለ ሪዝ ይሥላል። (ንጉሡ እኮ ቀድሞም ሪዝ ነበራቸው!) ይህ የትልቅ ሰው ሥራ አይደለም፤ የልጅ ጥፋት ነው። በግጥሙ መጀመሪያ ላይ አያት ዱላቸውን እንደ ፖሊስ ያወዛውዙ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ቢያጠፋም የሚቆጣው የለም።