ድርቅ ቻይ በቆሎ ስለ ማዳቀል የተጻፈ አንድ መጽሐፍ፤ ብርታቱና ጉድለቱ

እ.ኤ.አ. በ2000 ሜክሲኮ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማእከል (ሲሚት) አንድ ስስ መጽሐፍ ወጣ። ጸሐፊዎቹ ማሪያን ቤንዚገር፥ ግሪጎሪ ኤድሚደስ፥ ዴቪድ ቤክና ማውሪሲዮ ቤሎን ናቸው። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ድርቅንና የናይትሮጅን እጥረትን የሚችል በቆሎ ስለ ማዳቀል፤ ከሐሳብ ወደ ተግባር» የሚል ይሆናል። የእርሻ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እንደ መጨረሻ ቃል ሊወሰድ አይገባውም። ይህን የምልበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

መጽሐፉ የሚከራከረው በአዳቃዮች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ከቆየ አንድ ልማድ ጋር ነው። ልማዱም በደልዳላ ማሳ፥ በበቂ ውሃና በሙሉ ማዳበሪያ የተሻለ ያፈራ ዘር በክፉውም ዓመት የተሻለ ያፈራል የሚል ነበር። ይህ ልማድ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። ድርቅ በመታው ማሳ ላይ የአንዱ ጥግ አፈር ውሃ ይይዛል፥ የሌላው አይይዝም፤ ስለዚህ የታየው ልዩነት ከዘሩ ይሁን ከመሬቱ ለመለየት ይቸግራል። ጸሐፊዎቹ የሰጡት መልስ ችግሩን መሸሽ ሳይሆን በእጅ ማድረግ ነው። ዝናብ በማይጥልበት ወራት በመስኖ ይዘራል፤ በቆሎው ሊያብብ ሲቃረብም ውሃው ይቋረጣል። ድርቁ የሚመጣበትን ቀንና የሚከብድበትን መጠን የሚወስነው እንግዲህ ሰማይ ሳይሆን ተመራማሪው ነው። ለናይትሮጅንም እንዲሁ፤ አፈሩ ሆን ተብሎ ይደኸያል።

የመጽሐፉ እምብርት ግን ስለ አበባ የተናገረው ነው። በቆሎ ወንዴ አበባውን በአናቱ ላይ፥ ሴቴ አበባውን በአገዳው ጎን ያወጣል፤ እኛ የበቆሎ ጸጉር የምንለው የሴቴው አካል ነው። ውሃ ሲጎድል ወንዴው በጊዜው ገደማ ብናኙን ይበትናል፤ ጸጉሩ ግን ይዘገያል። መዘግየቱ ጥቂት ቀን ሲያልፍ ጸጉሩ የሚወጣው ብናኙ ካለቀ በኋላ ይሆናል፤ ዛላውም ጎዶሎ፥ አለዚያም ባዶ ይቀራል። ገበሬ «አገዳው አለ፥ ፍሬው የለም» የሚለው ማሳ ብዙውን ጊዜ ይህ የደረሰበት ነው። ስለዚህ አዳቃዩ የፍሬውን ክብደት ብቻ ከሚጠብቅ በሁለቱ አበቦች መካከል ያለውን የቀን ልዩነትና በአንድ አገዳ የሚገኘውን የዛላ ቍጥር ቢቈጥር በድርቅ ጊዜ ፍርዱ ይታመናል። ለመለካት የሚያስፈልገው ዐይንና መዝገብ ብቻ መሆኑ በጣም ደስ ያሰኘኛል፤ ድኻ ኮሌጅ እንኳ ሊሠራው ይችላል። (ለዚህ ልዩነት የተለመደ የአማርኛ ስም ስላላገኘሁ «የጸጉር መዘግየት» ብዬዋለሁ፤ መምህራን የተሻለ ቢያወጡለት እቀበላለሁ።)

ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ሆርሄ ቦላኞስና ኤድሚደስ «ቱክስፔኞ ሴኪያ» በተባለው በቆሎ ላይ ስምንት ዙር ምርጫ አካሒደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። በየዙሩ በሔክታር አንድ ኩንታል ገደማ ተጨምሯል፤ ጭማሪውም በደረቁም በእርጥቡም ማሳ ታይቷል። ቤንዚገርና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ መንገድ የተገኙ 42 ዲቃላዎችን ከግል ኩባንያዎች 41 ዲቃላዎች ጋር በደቡባዊና በምሥራቃዊ አፍሪካ አወዳድረው፥ ብልጫው ጎልቶ የታየው በሔክታር ከ20 እስከ 50 ኩንታል በሚሰጥ ማሳ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የባለጠጋ እርሻ ምርት መጠን አይደለም።

እንግዲህ ጉድለቱ የት ነው?

ትልቁ ጉድለት ሙቀት ነው። ዝናብ የማይጥልበት ወራት በሜክሲኮም ሆነ በደቡባዊ አፍሪካ ቀዝቀዝ ያለው ወራት ነው። ገበሬውን የሚመታው ድርቅ ግን ዝናብ ሊኖር በሚገባበት ጊዜ፥ ከሚያቃጥል ፀሓይ ጋር ይመጣል። መጽሐፉ ለውሃና ለናይትሮጅን የሰጠውን ያህል ቦታ ለሙቀት አልሰጠም። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የኋላ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ሎቤልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ20,000 የሚበልጡ የአፍሪካ የበቆሎ ሙከራዎችን መርምረው፥ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በአንድ ዲግሪ ለአንድ ቀን መቆየት ዝናብ በበቃው ማሳ ምርቱን በመቶ 1፥ ድርቅ ባለበት ማሳ በመቶ 1.7 እንደሚቀንስ አገኙ። ኬርንስና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የባሰውን ነገሩን፤ ድርቅን ለብቻው የቻለ ወይም ሙቀትን ለብቻው የቻለ በቆሎ ሁለቱ ሲገናኙ ይችላል ማለት አይደለም። እንዲህ ከሆነ በቀዝቃዛ ወራት ብቻ ተፈትኖ «ድርቅ ቻይ» የተባለ ዘር ፈተናውን በግማሽ ነው ያለፈው።

ሁለተኛው ጉድለት ድርቁ የሚመጣበት ጊዜ ነው። የጸሐፊዎቹ ትኩረት በአበባ ወራት ላይ ነው፤ በቆሎ በጣም የሚጎዳው በዚያን ጊዜ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ይሁንና በስምጥ ሸለቆአችን ዝናቡ ገና ሲጀምር የሚያታልልበት፥ ወይም ቀድሞ የሚቋረጥበት ዓመት ብዙ ነው። በዚያ አገር ገበሬ የሚጠይቀው ከመቻል ይልቅ ማምለጥን ነው። የመልካሳ ምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መልካሳ-1 በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ የባኮው ቢ.ኤች. 660 (እ.ኤ.አ. 1993) ግን ከአምስት ወር በላይ ይፈልጋል። ቶሎ መድረስ በደጉ ዓመት ምርት ያስቀራል፤ መጽሐፉም ማምለጥንና መቻልን ለይቶ በትክክል ያስረዳል። ግን ዝናቡ በዘገየ ቍጥር ዘር የሚለውጠውን፥ በቆሎው ሲከሽፍ ጤፍ ወይም ቦሎቄ የሚዘራውን ሰው ስሌት ውስጥ አላስገባም።

ስለ ዘር ዋጋ ብዙ አልናገርም። ዲቃላ በየዓመቱ ይገዛል፤ እንደ መልካሳ-1 ያለው ግን ከራስ ጎተራ ለጥቂት ዓመት ሊዘራ ይችላል። በክፉ ዓመት ማግስት ገንዘብ ለሌለው ሰው ይህም ከድርቅ መቻል ይቈጠራል።

ገበሬው በምርጫ ውስጥ ስላለው ድርሻ የተጻፈው ምዕራፍ አጭር ነው፤ የተቀመጠውም በመጨረሻ ነው። በእኔ አስተያየት ከስሌቱ ምዕራፍ በፊት መግባት ነበረበት። አዳቃዩ ለየጠባዩ ክብደት ሰጥቶ አንድ ድምር ያወጣል፤ ክብደቱን የሚወስነው ማን ነው? አገዳውን ለከብት የሚያበላ፥ እሸቱን ለገበያ የሚያወጣ፥ ዛላው በቅጡ ካልተሸፈነ ነቀዝ የሚፈጅበት ገበሬ የሚሰጠው ክብደት ከሠንጠረዡ ይለያል። ካለቀ በኋላ አስተያየቱን መጠየቅ ትሕትና ነው እንጂ ምክር አይባልም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፉ በቆሎ የሚፈትን ጓደኛችን የውሃውንና የናይትሮጅኑን መደብ ከዚህ መጽሐፍ ይቅዳ። በአበባው ሳምንት ግን ከጸጉሩ መዘግየት ጎን የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት በመዝገቡ ያስፍር፤ ቢቻል አንዱን መደብ ዘግይቶ፥ በሞቃቱ ወራት እንዲያብብ አድርጎ ይዝራው።