የእይታ ነርቭ ብግነት፦ የአንድ ታላቅ ጥናት ወሰን

እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1991 በአሜሪካ 15 ማዕከላት 457 ታካሚዎችን መዝግቦ በ1992 ውጤቱን ያሳተመው የእይታ ነርቭ ብግነት ሕክምና ጥናት፣ ስለ ስቴሮይድ አሰጣጥ ክርክር በተነሳ ቁጥር ይጠቀሳል። የሚጠቀሰውን ያህል ግን አይነበብም።

ጥናቱ ያረጋገጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር ሲሰጥ እይታ ፈጥኖ እንደሚመለስ ነው፤ ከዓመት በኋላ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በኪሎ ክብደት 1 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን በአፍ ብቻ በወሰዱት ላይ ግን በሽታው ያገረሸው ማስመሰያ ኪኒን ከተሰጣቸው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት በቀረው መጠን ነበር። ከዚህ ተነስቶ «በአፍ የሚሰጥ ስቴሮይድ ጎጂ ነው» ማለት ተለመደ። ድምዳሜው ከማስረጃው ያልፋል። ጥናቱ ከፍተኛ መጠን በአፍ ሰጥቶ አልፈተነም፤ በ2018 የወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ተመጣጣኝ ከፍተኛ መጠን በአፍ ሲሰጥ የእይታ ማገገሙ በደም ሥር ከሚሰጠው አለመለየቱን አሳይቷል። በደም ሥር የታከሙት የሚወስዱትን ማወቃቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

ዋናው ጉድለት ግን ከጥናቱ ይልቅ ከአንባቢው ነው። የተመዘገቡት ከ18 እስከ 46 ዓመት የሆናቸው፣ ሕመሙ ከጀመራቸው 8 ቀን ያላለፈ፣ በአብዛኛው ነጭ ሴቶች ናቸው። ከተቀመጠ ደማቸው የ177ቱ በኋላ ሲመረመር፣ የኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ መለያ የሆነው የአኳፖሪን-4 አንቲቦዲ በአንዳቸውም አልተገኘም። ይህ አንቲቦዲ የታወቀው በ2004 ነው። በሽታው አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ላይ ይበዛል፤ ሕክምናው ከዘገየ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ «ያለ መድኃኒትም ይሻላል» የሚለውን ተስፋ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ለተያዙ ወይም እግሯ ለሰነፈ ወጣት ኢትዮጵያዊት ማስተላለፍ ጥናቱ ያልሰጠውን ፈቃድ መውሰድ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ታካሚም አለ። ኢታምቡቶል የሚወስድ ሰው ያለ ሕመም፣ ቀስ በቀስ፣ በሁለቱም ዓይን እይታው ሲደክምና ቀይና አረንጓዴ ሲምታታበት፣ የሚያስፈልገው መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ የነቀርሳ ሕክምናውን በሌላ ማስተካከል እንጂ ፕሬድኒሶሎን አይደለም። እዚህ ላይ የእጅ ባትሪን ከአንዱ ብሌን ወደ ሌላው የማመላለሱ ምርመራ ሊያታልል ይችላል፤ ሁለቱ ነርቮች እኩል ከተጎዱ በብሌኖቹ መካከል ልዩነት አይታይም። የቀለም እይታ በእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ መለካት አለበት፤ ቢቻል መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት።