ጎማውን ብቻ የሚይዝ ክንድ

የመኪና ብስክሌት መጫኛ ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሲነቀንቁት ነው። ጫፉን ጨብጣችሁ ወደ ጎን ግፉት። መኪናው ራሱ አብሮት ከተወዛወዘ መጫኛውና መኪናው አንድ አካል ሆነዋል ማለት ነው። መኪናው ዝም ብሎ ብረቱ ብቻ ቋ ቋ ካለ አትግዙት።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ሲሆን አራታችንም ብስክሌታችንን ጭነን ወደ ሲ ኤንድ ኦ ቦይ እንወርዳለን። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ ይመላለሱበት የነበረው የቦዩ ዳር መንገድ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። መኪና አይገባበትም፤ ዳገትም የለውም ማለት ይቻላል። ለልጅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

መጀመሪያ የገዛሁት መጫኛ የኋላ በር ላይ በማሰሪያ የሚንጠለጠል ርካሽ ዕቃ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ማሰሪያው ላላና የልጄ ፔዳል የእናቷን ብስክሌት ቀለም ፍቆ ብረቱን አወጣው። ከዚያ ወዲህ መጫኛ ባየሁ ቁጥር የሠሪውን እጅ ነው የምፈልገው።

በማሰሪያ የሚታሰሩት ሁሉ ይጣሉ አልልም። ጣሊያናዊው ፋቢዮ ፔድሪኒ ለሳሪስ ኩባንያ የነደፈው፣ ቦንስ የሚባለው መጫኛ እግሮቹ እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው፤ የመኪናውን ጀርባ ተሻግረው በላስቲክ ጫማቸው ይቆማሉ። ብስክሌቶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ክንዶቹ አንዱ ከሌላው ከፍና ዝቅ ተደርገው ተሠርተዋል። ከሩቅ ስታዩት እንኳ ያምራል። ቢበዛ የሚሸከመው ግን ሦስት ነው፤ እኛ ደግሞ አራት ነን።

ስለዚህ ወደ ሂች ዞርኩ። ሂች የምንለው ከፓራውልቱ ሥር የሚገጠመውን አራት ማዕዘን የብረት አፍ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 2 ኢንች ወይም 1.25 ኢንች ይሆናል፤ አራት ብስክሌት አሰልፎ የሚሸከም መጫኛ ባብዛኛው ባለ 2 ኢንቹን ይፈልጋል። የመጫኛው ቱቦ እዚያ አፍ ውስጥ እንዲገባ ከአፉ ትንሽ መቅጠን አለበት። የመወዛወዙ ሁሉ ምንጭ ይቺ ክፍተት ናት። ሂቹ ጋ ለዓይን የማትሞላው ክፍተት ዳር ላይ የተጫነው ብስክሌት ዘንድ ስትደርስ ብዙ እጥፍ ትሆናለች።

ጥሩ ሠሪ ይህን በሽብልቅ ይፈታዋል። አገር ቤት መጥረቢያ ከእጀታው ሲላላ እጀታው ራስ ላይ ሽብልቅ ይመታበታል፤ ነገሩ ያው ነው። እኔ የገዛሁት መጫኛ ቱቦው ጫፍ ላይ በሰያፍ የተቆረጠ ብረት አለው። ከውጭ ያለውን እጀታ ሳዞር ረጅም ብሎን በቱቦው ሆድ አልፎ ብረቱን ይስበዋል፤ ብረቱም ወደ ማዕዘኑ ይወጣል። ብልሃቱ ወደ ማዕዘን መሆኑ ላይ ነው። ወደ ላይ ብቻ ቢገፋ የጎን ውዝዋዜው ይቀር ነበር። ማዕዘኑን ሲገፋ ግን ቱቦው በአንድ ጊዜ ከሁለት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

ከሽብልቁ ቀጥሎ የምወደው ክንዱን ነው። ብስክሌቱ በሁለት ጎማው ትሪው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ክንዱን ቀና አድርጌ መንጠቆውን ፊተኛው ጎማ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ አወርደዋለሁ። ውስጡ ጥርስ በጥርስ ስለሚያያዝ አንዴ የወረደ ክንድ መልቀቂያው ካልተጫነ አይመለስም። መንጠቆው የሚያርፈው ጎማው ላይ ብቻ ነው፤ ቀለም አይነካ፣ የፍሬን ገመድ አይነካ። በካርቦን የተሠራ ብስክሌት ያለው ሰው ይህን በደንብ ያስብበት፤ ካርቦን ወገቡን ጨምቆ ለሚይዝ መጫኛ አይሆንም። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የስዊድኑ ቱሌ እ.ኤ.አ. በ1942 ሂለርስቶርፕ በምትባል ቦታ ሲጀመር፣ መሥራቹ ኤሪክ ቱሊን ለአጥማጆች የዓሣ ወጥመድ ይሠራ ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የትኛውንም መንጠቆ ሳወርድ ወጥመድ ሠሪው ትዝ ይለኛል፤ ይዞ አለመልቀቅ የቆየ ሙያ ነው።

ብየዳውንም ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በጥሩ እጅ የተበየደ መጋጠሚያ እንደ ሹሩባ ነው፤ ጉንጉኑ እኩል፣ ተራው ቀጥ ያለ። የተዝረከረከና ጉብ ጉብ ያለበት ብየዳ፣ ቀለም ቢለብስም ያስታውቃል። የእኔው መጫኛ ቱቦ ከሥሩ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለችው። መጀመሪያ ጉድለት መስላኝ ነበር። ለካ የዝናብ ውሃና ክረምት አስፋልት ላይ የሚበተነው የጨው ውሃ እንዲፈስባት ነው፤ ያለ እሷ ብረቱ ከውስጥ ይበላ ነበር። ማንም ገዢ የማያያትን ቀዳዳ የሚበሳ ሠሪ ሥራውን ያከብራል።

ብስክሌቶቹ እንደተጫኑ መጫኛው ወደ ኋላ መዘንበሉም ቀላል ነገር አይደለም፤ ምሳችን ከኋላ በር ውስጥ ነውና። ይህን ሁሉ ጭነት የሚያዞረው አንድ ፒን ነው። ለጉዞ ቀና አድርጌ ስመልሰው ገጭ ብሎ ይገባል፤ ያንን ድምፅ ሳልሰማ ሞተር አላስነሳም። የጭስ ማውጫው ትንፋሽ የሚያርፍበት ቦታም መታየት አለበት፤ ጎማ ያቀልጣል።

የትንሹ ልጄ ብስክሌት ጎማ 16 ኢንች ነው። ሱቅ ውስጥ ካየኋቸው መጫኛዎች አንዳንዶቹ ለአዋቂ ብስክሌት ሲያምሩ፣ ለእሱ ግን ክንዳቸው እስከ መጨረሻው ወርዶም መንጠቆው ጎማውን ሳይነካ ቀረ። ለትንሽ ጎማ የሚሆን ማስተካከያ ለብቻው የሚሸጡም አሉ። እኔ የመረጥኩት ያለ ምንም ተጨማሪ የልጄን ጎማ ቆንጥጦ የያዘውን ነው። መጫኛ ለመግዛት ስትሄዱ ከቤታችሁ ትንሿን ብስክሌት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ እሷን ጫኑ፣ ከዚያ ነቅንቁት።