ለባክቴሪያ ዘረመል አንባቢዎች

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የሸኮ ከብት የገንዲ በሽታን በመቋቋሙ ይወደሳል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ብዙ የማይወራለትን ሙያ ላመስግን፦ የባክቴሪያን ዘረመል ማንበብ።

የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። ሐኪሙ የላሚቱን አንገት ላጭቶ ቱበርክሊን ይወጋታል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳዋን ውፍረት ይለካል። ከወፈረ መያዟን ይጠረጥራል፤ ከየት እንደመጣባት ግን ልኬቱ አይነግረውም። የሚነግረው በ2003 እ.ኤ.አ. ሙሉ ንባቡ የታተመው፣ 4.3 ሚሊዮን ፊደል ያህል ያለው የበሽታው ባክቴሪያ ዘረመል ነው። ከሁለት መንጋ የተገኘው ባክቴሪያ የሚለያየው በጥቂት ፊደላት ብቻ ከሆነ፣ በሽታው በቅርቡ ተሻግሯል ወይም ምንጩ አንድ ነው። ያለዚህ ንባብ ጎረቤት ጎረቤቱን በከንቱ ሲጠረጥር ይኖር ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፋው ‹አፍሪካ 2› የተባለው የዚሁ ባክቴሪያ ዘር በ2011 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀውም ከዘረመሉ በጎደለ ቁራጭ ነው።

እናንተም ላም ስትገዙ አስመርምሩ፤ ወተቱንም አፍሉት።